ሥራ ፈቱ ኮሽም

የጋሽ እንድሪስ ልጅ ሐዋ ስትደውልልኝ መዝገብ ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ያለ ቦታቸው የተሰኩ ፋይሎችን ወደ ቦታቸው እየመለስኩ ነበር። "ስንዱ፣ አባዬ አረፈ" አለችኝ። "ከዙህር ሶላት በኋላ ነው የምንቀብረው።" "እሺ፣ እመጣለሁ" አልኳትና ወርጄ መሰላሉ ሥር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት ነበር። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። በራሴ እጅ የጻፍኩት፣ አራት ላይ የታጠፈ፣ ለሁለት ዓመት ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት አብሮኝ የተመላለሰ ወረቀት። ለጋሽ እንድሪስ ላነብላቸው ነበር የያዝኩት። ከቢሮዬ ተነስቼ፣ ልደታ ማርያምን አልፌ፣ እሳቸው ቤት ለመድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ጋሽ እንድሪስ ፍራሽ ሰፊ ነበሩ። ጌጃ ሰፈር፣ ከወንዙ በላይ ካሉት ተደርድረው ከተሠሩ ቤቶች የመጨረሻው የእሳቸው ነው። በራፋቸው ላይ ሸራ ያነጥፉና፣ ሰው ዓመታት የተኛበትን ፍራሽ ተርትረው፣ የተጠቀጠቀውን ጥጥ በጣታቸው አፍታተው፣ ፀሐይ አስመትተው መልሰው ሲሰፉ ይውላሉ። ጢማቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ስለማይጠፋ የቱ ሽበት፣ የቱ ጥጥ እንደሆነ አይለይም ነበር።

ሌላው ሰፊ የጨርቁን አፍ በስፒል ያያይዛል፤ እሳቸው የሚያያይዙት በኮሽም እሾህ ነው። ምክንያታቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። ስፒል ጥጥ ውስጥ ከጠፋ አድብቶ ይቆይና አንድ ቀን የሰው ጎን ይወጋል፤ እሾህ ግን ቢረሳም ደርቆ ይሰባበራል። ሲሰፉ ሦስት አራት እሾህ በከንፈራቸው ጥግ ስለሚይዙ ንግግራቸው ግማሹ እዚያው ይቀር ነበር። ሰላምታውም፣ ቀልዱም፣ "አብሽሪ" የሚሉት ማጽናኛቸውም የሚወጣው በእሾሆቹ መሃል ነው። ቁም ነገር የመጣ እንደሆነ ግን መርፌያቸውን ይሰኩና እሾሆቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ይደረድራሉ። ያን ጊዜ በአጠገባቸው ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

እሾሁን የሚለቅሙት ከቤታቸው በታች፣ ወንዙ ዳር ከተከሏቸው ሁለት ኮሽሞች ላይ ነበር። ኮሽም በአገራቸው በወሎ፣ ወንዝ ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፤ እሾሁ የጣት ያህል ይረዝማል፤ ፍሬው ሲበስል የብርቱካን መልክ ይይዝና አፍ እስኪያኮማትር ይጎመዝዛል። ጋሽ እንድሪስ በወጣትነታቸው ወደዚህ ሲመጡ ዘሩን በወረቀት ቋጥረው አምጥተው፣ ብዙ አብቅለው፣ ሁለት ብቻ አስቀርተው ነበር። ሁለቱም ከሰው ቁመት በላይ አድገዋል። በመሃላቸው ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ላይኛዋ በየዓመቱ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ ታፈራለች። የታችኛው አንድ ፍሬ እንኳ ይዞ አያውቅም።

ሰፈሩ የታችኛውን "ሥራ ፈቱ" ይለው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ውሃ ይዘው ሲወርዱ ያየ ሁሉ ሳይተርብ አያልፍም። አንድ ቀን ጡረታ የወጡት ሾፌር አቶ ጌታሁን ከበራፋቸው ሆነው "እንድሪስ፣ ሥራ ፈቱ ዛሬም ቁርሱን ሊበላ ነው?" አሏቸው። ጋሽ እንድሪስ ዞር ሳይሉ "አንተስ በልተህ የለም እንዴ?" ብለው ወረዱ።

ፍሬው ሲበስል ደግሞ የሰፈሩ ወግ ነበረው። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን በወፍራም የፍራሽ ጨርቅ ጠቅልለው ይለቅማሉ፤ ከዚያ በአንዲት ጣሳ እየሰፈሩ በየቤቱ ይዞራሉ። የተኳረፈም፣ አጥር የተጋፋም፣ እሳቸውን ራሳቸውን ያስቀየመም ቤት አይዘለልም። ልጆች በጨው፣ ትልልቆቹ በሚጥሚጣ ይበሉታል። ያን ቀን ከዳር እስከ ዳር ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ሲስቅ ይውላል።

እኔ ወደዚያ ሰፈር የመጣሁት ልጅ ሆኜ፣ ዘመድ ቤት ለሥራ ነው። በመጣሁበት ዓመት ጋሽ እንድሪስ በራችን ላይ ቆመው የቤቱን ጣሳ ለአክስቴ ሰጡ። ቀጥለው ሁለተኛ ጣሳ ለእኔ ዘረጉልኝ። አክስቴ "ለቤቱ ሰጥተውን የለም እንዴ?" ስትል "ያ ለቤቱ ነው፤ ይሄ የእሷ ነው" አሏት። ልደታ ውስጥ የራሴ የተባለ የመጀመሪያው ነገር ያ ጣሳ ሙሉ ኮሽም ነው። ዛሬ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ይህን ይያዝልኝ።

ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የማታ፣ ከአንደኛ ክፍል። ጋሽ እንድሪስ ቁርኣን ይቀራሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አልተማሩም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ስጨርስ ሸራቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የንባብ መጽሐፌን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። እኔ ስደርስ እዚያ የተቀመጠውን ሁሉ "ተማሪዋ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት" ይሉታል። ስሳሳት እሳቸው አያውቁም፤ እኔ ግን ከፊታቸው ስለማፍር ቃሉን ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ጥንቃቄን የተማርኩት ከአስተማሪ አይደለም፤ የምትዪው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ከሚያዳምጠኝ ሰው ነው።

ጥንቃቄው ግን ሳላውቀው ሌላ ነገር ሆነ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ በሰፈሩ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሳላርም አላልፍም ነበር። ሰው ሲያወራ "ማን አለ? የት ተጽፏል?" እላለሁ። የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት፣ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ወሬ ይመስለኝ ነበር። እርጂን ብለው ማመልከቻ ሊያጽፉ የሚመጡ ጎረቤቶች በበዙ ቁጥር ድምፄም እየተለወጠ መጣ።

እንዲህ ባለሁበት ጊዜ ነው የሰፈራችን ኮሚቴ የወንዙን ዳር ለማጽዳት የተነሳው። እሾሃማው ቁጥቋጦ ሁሉ ቆሻሻ እየያዘ፣ ሌባም እየተሸሸገበት አስቸግሯል፤ ስለዚህ ለሰው የሚጠቅመው ተለይቶ ይቅር፣ ሌላው ይመንጠር ተባለ። ሰብሳቢው አቶ ጌታሁን ናቸው። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ደብተሬን ይዤ፣ የሚቀረውንና የሚቆረጠውን በሁለት ዓምድ እየጻፍኩ፣ ከሃያ ከማያንሱ ጎረቤቶች ጋር ወንዙን ተከትለን ሄድን።

ኮሽሞቹ ዘንድ ስንደርስ ጋሽ እንድሪስ ቀድመውን ቆመዋል። ላይኛዋ ትቅር መባሏ ላይ ክርክር አልነበረም። አቶ ጌታሁን እየሳቁ "እንግዲህ ሥራ ፈቱን ዛሬ እናሰናብተው" አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሽ እንድሪስ ግን ከአፋቸው እሾሆቹን አወጡ። ጉልበታቸው ላይ እንዳይደረድሩ ቆመዋልና መዳፋቸው ላይ ያዟቸው።

"ይሄ ዝም ብሎ የቆመ እንዳይመስላችሁ" አሉ። "ይሄ ከሌለ እሷም አትይዝም። አባቴ፣ ኮሽም ብቻውን አትትከል ይለኝ ነበር።"

አቶ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሩ። "ስንዱ፣ አንቺ ተምረሻል። እንዲህ የሚባል ነገር አለ?"

"አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። ስለ ኮሽም የማውቀው መጎምዘዙን ብቻ ነው። ግን በዚያው ወር በሳይንስ ትምህርት የባቄላን አበባ ከፍለን አይተን፣ ሥዕሉን ሠርቼ ሙሉ ውጤት አግኝቼበት ነበር። ደብተሬን ገልብጬ ሥዕሉን ለሁሉም አሳየሁ። አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ላይ ይዞ ነው የሚፈጠረው፣ ስለዚህ አንዱ ተክል ለሌላው አያስፈልገውም፣ የማያፈራው በሽታ ይዞት ወይም መሬቱ አልስማማ ብሎት ነው አልኩ። በባቄላ አበባ ስለ ኮሽም ፈረድኩ። ይህም አልበቃኝም። ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሬ፣ በዚያ በተማርኩት ድምፅ እንዲህ አልኳቸው፦ "ጋሼ፣ 'ይለኝ ነበር' ማለት ማስረጃ አይሆንም።"

አንድ ሰው ከኋላ "ወይ ተማሪ!" ብሎ ሳቀ። ጋሽ እንድሪስ አላፈሩም፣ አልተቆጡምም። ደብተሬን ቀና ብለው አዩት፤ የማያነቡትን ጽሑፍ፣ የሠራሁትን ሥዕል። ፊታቸው ላይ የነበረው ዛሬም ድረስ ይከብደኛል፤ ኩራት ነበር። በእኔ ኮርተው ነበር።

"መጽሐፍ ካለው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አሉ። "ይቆረጥ። እኔው እቆርጠዋለሁ፤ እናንተን ይወጋችኋል።"

በሁለተኛው ዓምድ ጻፍኩት፦ ኮሽም አንድ፣ የማያፈራ፣ አገልግሎት የሌለው። እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከሰዓቱን ሙሉ ቆረጡት። እሾሁን አንድም ሳይጥሉ በወተት ጣሳ ሞልተው ወደ ቤት አስገቡት።

በሚቀጥለው ዓመት ላይኛዋ ኮሽም አበበች፤ አበባዋም ረገፈ። ፍሬ አልያዘችም። ሰው "አንዳንድ ዓመት እንዲህ ያደርጋል" አለ። በዓመቱም እንደዚያው ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ሥሯን ኮተኮቱላት፣ ፍግ አፈሰሱላት፣ ከጉልበታቸው በላይ ውሃ አመላለሱላት። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ይዤ፣ ከአክስቴ ቤት ወጥቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነበር። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ እኔ ሥራ ከጠየቁኝ በኋላ "ተማሪዋ፣ እስቲ መጽሐፉን እይልኝ" አሉኝ። "ምን እንዳጠፋሁባት ይኖረዋል።"

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ አገራችን ዕፅዋት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አስወጣሁ። በእንግሊዝኛ ስለነበር መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አንድም ቃል ሳላሳልፍ ወደ አማርኛ መለስኩት። "ኮሽም፤ እሾሃማ ቁጥቋጦ ወይም አጭር ዛፍ። በወንዝ ዳርና በደን ጠርዝ ይበቅላል። ወንዴና ሴቴ አበባዎቹ የሚወጡት በተለያዩ ተክሎች ላይ ነው። ፍሬ የምትይዘው ሴቴዋ ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ ወንዴ ሊኖር ይገባል።" ጽፌ ጨርሼ፣ አስተካክዬ፣ የመጽሐፉን ገጽ ከታች አሰፈርኩ። ከዚያ በኋላ ነው የጻፍኩትን ያነበብኩት። ጆሮዬ ጋለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የሚያየኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ስሄድ በራፋቸው ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። በሰው ፊት አልነግራቸውም ብዬ ተመለስኩ። ያዋረድኳቸው በሰው ፊት መሆኑን ግን አላሰብኩትም። በሳምንቱ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

"አገኘሽልኝ?" አሉኝ በእሾሆቹ መሃል።

"ዝናቡ ነው ጋሼ" አልኳቸው። "ዝናቡ ስለተዛባ ነው።"

መርፌያቸውን ሰኩ። እሾሆቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ደረደሩ። "መጽሐፉ ነው እንዲህ ያለው?"

"አዎ፣ መጽሐፉ ነው።"

"አልሐምዱ ሊላህ" አሉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እኔ በእጄ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር።"

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከጉልበታቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

በዓመቱ ክረምቱ ያማረ ሆነ። ማንም የሚያማርረው ዝናብ አልነበረም። ኮሽሟ አበበች፤ ረገፈ። ጋሽ እንድሪስ መጽሐፉ ምን ይላል ብለው ዳግመኛ አልጠየቁኝም። እንዳላፍር ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። ሌላ ጎረቤት ስለ ዛፏ ሲያነሳባቸው ብቻ እጃቸውን ገልብጠው እያዩ "እጄ ነው። እጅም እኮ ያረጃል" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መሄዴን ቀነስኩ። ሥራ በዛብኝ አልኩ፤ ባይበዛም። በበዓል እደውላለሁ። ስልኩን ለሐዋ እየመለሱ "ተማሪዋን ሰላም በያት፣ አብሽሪ በያት" ሲሉ ይሰማኛል። የሚያጽናኑኝ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በቀብሩ ቀን ሰው ስለበዛ ምንም አላልኩም፤ ይኸም ሰበብ ነው። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ስሄድ ግን ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጄ ይዤው ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ አቶ ጌታሁን አሉ፤ ከዚያን ቀን ሰዎች ብዙዎቹ አሉ። ሐዋ በሴቶቹ በኩል ተቀምጣለች። ቆሜ ስጀምር "ጮክ በይ" ያለኝም ነበር። ያን ቀን ወንዙ ዳር የተናገርኩትን አስታወስኳቸውና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጋሽ እንድሪስ ትክክል ነበሩ አልኩ። ዛፏን ፍሬ ያሳጣት የእሳቸው እጅ አይደለም፣ የእኔ አፍ ነው አልኩ። ይህን ካወቅኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ዝናቡ ነው ብዬም ዋሽቻቸዋለሁ አልኩ።

የጠበቅኩት ነቀፋ ነበር። አቶ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦ "ስንዱዬ፣ ይሄንንማ እናውቃለን። ፍሬው በጠፋ በመጀመሪያው ዓመት ነው ያወቅነው። ለተማረ ሰው አይነገርም ብለን ነው እንጂ።"

ሁሉም ያውቅ ነበር። ሃያ ሰው ሲያውቅ እኔ ወረቀት ደብቄ እዞር ነበር። ተቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ ውሃ ሰጠችኝ።

ሰው ቀለል ሲል ሐዋ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝምም፤ ደክሟት ነበር። "እኔም ነግሬው ነበር" አለችኝ። "አባዬ፣ ሥራ ፈቱ ስለተቆረጠ ነው አልኩት። ጌታሁንም ነግሮታል። አልሰማ አለን። 'ያቺ ልጅ ከመጽሐፍ ነው የተናገረችው፣ አትንኳት' አለ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አፋችንን አስዘጋን።"

መስኮቱ ሥር የወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል። በየጣሳው ስንዝር የማይሞላ፣ ገና እሾሁ ያልጠነከረ ችግኝ አለ። አምና ከወሎ በሚመጣ ሰው የበሰለ ፍሬ አስልከው፣ ታመው ከመተኛታቸው በፊት የዘሯቸው ናቸው። ላይኛዋ አርጅታለች፣ ምትክ ይኑራት ብለው ነበር አሉ። ለሐዋ፣ ለአቶ ጌታሁን፣ ለሌሎችም በስም አካፍለዋቸዋል፤ አንዳንድ ጣሳ ለየቤቱ።

ሐዋ ሁለት ጣሳ አንስታ ሰጠችኝ።

"ሁለት ነው እንዴ የእኔ?" አልኳት።

"ሁለት ነው። እኔም ጠይቄው ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ታደርገዋለች፣ አንድ አይበቃትም ወይ አልኩት።" በአፏ ጥግ ላይ በሁለት ጣቷ የአባቷን እሾህ አያያዝ አሳየችኝ። "እሾሁን ከአፉ አወጣና 'ሁለት' አለኝ።"

ጣሳዎቹ አሁን መስኮቴ ላይ ናቸው። ሴቴና ወንዴያቸው የሚለየው ሲያብቡ ነው፤ ለማበብ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ቤቴ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ የቅመም ጠርሙስ ሳይቀር፣ በእጄ የተጻፈ ስም ተለጥፎበታል። እነዚህ ሁለቱ ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም። ቢሮ ከመሄዴ በፊት ጠዋት ጠዋት ለሁለቱም እኩል ውሃ አጠጣቸዋለሁ።